መጋዘኑ ጋ ወራጅ አለ

በእኛ ጊዜ እኮ ሰው የሚፈራ ልጅ ጨዋ ነበር የሚባለው፣ ሰማሽኝ ማሂ? ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። እናትሽ «ውጪና እንግዶቹን ሰላም በይ!» እያለች ስትጮህብሽ ሰምቻለሁ፣ እንግዶቹም ሄደዋል፣ እና ነይ፣ የእሷን ላጫውትሽ። ጓዳ ናት፣ ብትሰማም ትስማ።

ታዲያ እናትሽ ትዕግሥት በአንቺ ዕድሜ፣ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፣ አፍ የላትም ነበር። ከእኔና ከአያትሽ ጋር ታወራለች፤ ሰው ሲመጣ ነው ቃል የሚጠፋት። ሱቅ ስትላክ የምትገዛውን በወረቀት ጽፋ ነበር የምትሰጠው፣ አዎ! ባለ ሱቁ «ጋሼ፣ ልጅዎ መስማት አትችልም እንዴ?» ብሎኛል። እኔ ደግሞ እኮራ ነበር፣ ጨዋ ናት ብዬ። ገና ሕፃን እያለች ሰው ፊት ስትናገር «ዝም! ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ አፉን አይከፍትም!» ያልኳት እኔው ነኝ፣ አሁን በማን ላሳብብ።

ትምህርት ቤቷ ወደ ጎተራ ነበር። ቤታችን ይኸው እዚሁ ነው፣ ከሳሪስ አቦ አለፍ ብሎ፣ ቃሊቲ ሳይደረስ። መጋዘኑ ጋ ነው የሚወረደው፣ ያን ጊዜ ከመጋዘኑ በቀር ምንም የለም፣ እና አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» ካላለ ታክሲው ሽው ብሎ ቃሊቲ ነው። ታዲያ ሰናይት የምትባል የጎረቤት ልጅ ጓደኛ ነበረቻት፣ አፏ አያርፍም፣ ለሁለቱም ወራጅ የምትለው እሷ ናት። እና ተጣሉ። በኋላ ስሰማ ሰናይት ክፍል ውስጥ፣ ልጆች ፊት፣ «ይቺ እኮ እኔ ባልኖር ቤቷም አትገባ» ብላ አስቃባታለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ትዕግሥት ብቻዋን መሄድ ጀመረች።

ከዚያማ ማምሸት መጣ። አንድ ቀን በሰዓቷ ትገባለች፣ በማግስቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ጫማዋ አቧራ፣ ፊቷ ላብ። «የት ነበርሽ?» «ታክሲ ጠፍቶ።» በሌላ ቀን «የት ነበርሽ?» «ታክሲ ጠፍቶ።» አያትሽ ዘነበች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ ወንድ ይዛለች» አለችኝ። ኧረ ምን ልበልሽ፣ መቀመጥ አቃተኝ። በምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኑ ፊት ቆሜ ክሩ ሲበጠስ አላይም። «እውነቱን ካልነገርሽኝ ከትምህርት ቤት አስቀርሻለሁ!» አልኳት። ዝም። ዝምታዋ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ፣ ጥፋተኛ እንጂ ንጹሕ ሰው ዝም አይልም ብዬ።

ታዲያ አንድ ቀን ከጠዋት ፈረቃ ወጣሁና ጎተራ ሄጄ ተደበቅኩ። ኮቴን ገልብጬ ለበስኩ፣ ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፋሁ። አትሳቂ! እሷ ታክሲ ስትገባ እኔም ገብቼ መጨረሻ ወንበር ላይ ተሸጎጥኩ። የጥጥ ብናኝ ያመጣብኝን ይሄን ሳሌን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቅ፣ አንዴ ብቻ አመለጠኝ። አሁን ልጁ ይገባል፣ አሁን ይገባል ስል ሳሪስን አለፍን፣ አቦን አለፍን፣ ኧረ የምን ልጅ! መጋዘኑ ሲቃረብ በጎን አየኋት፤ አንገቷ ቀጥ አለ፣ ደብተሯን ጭምቅ አድርጋ ያዘች፣ ትንፋሽ ሳበች፣ አፏን ከፈተች። እና ዘጋችው! መጋዘኑ አለፈ።

ያኔ ገባኝ፤ በሰዓቷ የምትገባው ሌላ ሰው ወራጅ ያለ ቀን ነው። እኔ ብል እኮ ይቆም ነበር። ግን ድምፄን ታውቀዋለች፣ መከተሌ ሊታወቅብኝ ነው፣ እና እኔም ዝም። አባትና ልጅ አፋችንን ዘግተን ቃሊቲ ገባን። እዚያ ሁሉም ሲወርድ ወረደችና በዚያ የከባድ መኪና አቧራ ውስጥ በእግሯ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች። ኧረ ማሂዬ! ስንት ቀን ነው እንዲህ የሄደችው፣ እኔ ወንድ ስፈልግባት!

ሮጬ ደረስኩባት። ምን ልበላት? «እኔም አለፈኝ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ወራጅ አላልክም፣ አባዬ?»

«አፈርኩ።»

አየችኝና ሳቀች፣ ሳቁ ደግሞ ለቅሶ ሆነ። «ዛሬስ እላለሁ፣ ዛሬስ እላለሁ እያልኩ እኮ ነው። ልቤ ይመታል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኛል፣ እስክል ያልፋል» አለችኝ። ቤት እስክንደርስ ያወራችኝን ዓመት ሙሉ አላወራችኝም።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስወጣ መጋዘኑ ጋ ቆሜ የመጣውን ታክሲ ሁሉ በእጄ አስቆማለሁ። ካለች ትወርዳለች፣ ከሌለች «ሂዱ» እላለሁ። ወያሎቹማ! «ፋዘር፣ ይሳፈራሉ ወይስ ትራፊክ ሆነዋል?» ይበሉኝ እንጂ፣ ምን ቸገረኝ። ታዲያ አንድ ቀን እጄን ሳላነሳ ታክሲው ቆመ። ወረደች። «ማነው ወራጅ ያለው?» አልኳት። «እኔ» አለች።

ያን ቀን ግን ተከትያት እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም። አለፈው ነው የምትለው።

(ይሄኔ እማዬ እጇን እያደረቀች ከጓዳ ወጣች።)

«አባዬ፣ ኮትህን ገልብጠህ ስትገባ መቼ አጣሁህ! ደግሞስ ያ ሳልህ?»

«እንዴ! አውቀሻል?»

«አውቄ እንጂ። አንተ ወራጅ ትልልኛለህ ብዬ ነበር የጠበቅኩህ።»

(አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ።)

አይ እኔ! ድምፄን ስደብቅ! በይ ትዕግሥት፣ የእኔስ አለፈ። ለዚችኛዋ ግን አንቺ በይላት።