ጥሩምባ ነፊው ግሩፕ ሊገባ ነው

(ደሴ፣ የአንድ ዕድር ጽሕፈት ቤት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ሽብሩ ከወጣቷ ጸሐፊ ከስንዱ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።)

ጋሽ ሽብሩ፦ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! እኔ ሽብሩ ይመር፣ የዚህ ዕድር ጥሩምባ ነፊ፣ ዛሬ ስልኬን መቶ በመቶ ቻርጅ አድርጌ መጥቻለሁ!

ስንዱ፦ ኧረ ቀስ፣ ጋሼ! ጎረቤቱ ሰው ሞተ ብሎ ነጠላ ያዘቀዝቃል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ያዘቅዝቅ። እኔ ስናገር የሚያዘቀዝቅ አለ ማለት ነው። በይ፣ እዚያ ቴሌግራም ግሩፕሽ ውስጥ አስገቢኝ።

ስንዱ፦ «ከምገባ ብሞት ይሻለኛል» ብለው አልነበር?

ጋሽ ሽብሩ፦ ጣውንቴን ቤቷ ገብቼ ልያት ብዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዳገት ቁልቁለቱን የወጣሁ የወረድኩትን ሰውዬ እሑድ በጠቅላላ ጉባኤ በእሷ ተክታችሁ ልትሽሩኝ አይደል?

ስንዱ፦ ማን ሻረዎት? ጡረታ ነው የተባለው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ስሙን መልአክ ያውጣው።

ስንዱ፦ ቀንተው ነው፣ ጋሼ።

ጋሽ ሽብሩ፦ በዕቃ ይቀናል?

ስንዱ፦ እርስዎ ሲቀኑ እያየሁ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ አሃ፣ በርቀት ተማርኩ የምትዪው ትምህርት ይኼ ነው?

ስንዱ፦ ኮሚዩኒኬሽን ነው የተማርኩት። አንድ የድሮ ንድፈ ሐሳብ አለ፤ መልእክት እንደ ጥይት ነው ይላል። አንዴ ከተተኮሰ ሁሉንም እኩል ይመታል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ሁሉንም እኩል የሚመታ ጥይት የያዘን ሰው እንኳን ዕድር ሚሊሻም አይቀበለው።

ስንዱ፦ ሌላም አለ። ወሬ መጀመሪያ ተሰሚነት ላላቸው ጥቂት ሰዎች ይደርሳል፤ እነሱ ደግሞ ለሌላው ያደርሳሉ። ሁለት እርከን ይባላል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ይኼማ የኔ ነው! ለባለ ወፍጮዋ ለጦቢያ እነግራታለሁ፤ እኔ ዳገቱን ሳልጨርስ እሷ ቁልቁለቱን አዳርሳዋለች። ይኼን ያለው ሰውዬ የኛ ዕድር አባል ነበር እንዴ?

ስንዱ፦ ፈረንጅ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ሲያልፍ ሰምቶኝ ይሆናል።

ስንዱ፦ እውነቱን ልንገርዎት? እኔም እቀናብዎታለሁ። እርስዎ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል። እኔ ሦስት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ «ያቺ የዕድሯ ልጅ» ነው የሚሉኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ በፍቅር የሚነሱ መሰለሽ? የማንን ስም እንደምጠራ ፈርተው ነው።

ስንዱ፦ ይነሳሉ ግን።

ጋሽ ሽብሩ፦ እሱስ ይነሳሉ።

ስንዱ፦ ቆይ፣ ስልክ ነው። አቤት? … ውይ! … ሆስፒታል? … ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት፣ መድኃኔዓለም። … እሺ፣ እግዜር ያጽናችሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ማን ነው?

ስንዱ፦ ልብስ ሰፊው አቶ አያልነው ናቸው። ልጃቸው ነው የደወለው። እንግዲህ ይዩልኝ፣ ሰዓት ይያዙ! ጻፍኩ … ላክሁት። ሄደ!

ጋሽ ሽብሩ፦ ነፍሱን ይማረው። ጨዋ ሰው ነበር።

ስንዱ፦ ይኸው! አሥራ ሁለት «ነፍስ ይማር»፣ ሃያ፣ አርባ … እርስዎ ገና ጫማዎን ሳያጠልቁ!

ጋሽ ሽብሩ፦ ማንያህልሻል እዚያ ውስጥ አለች?

ስንዱ፦ እትዬ ማንያህልሻል? አሉ እንጂ። ባለፈው ወር ነው ያስገባኋቸው።

ጋሽ ሽብሩ፦ የአያልነው እህት መሆኗን ታውቂያለሽ?

ስንዱ፦ … እህት?

ጋሽ ሽብሩ፦ የእናቱ ልጅ። መርዶው ተነግሯታል?

ስንዱ፦ ልጁ ምንም አላለኝም።

ጋሽ ሽብሩ፦ አልጠየቅሽውማ። እኔ ከስሙ ቀጥሎ የምጠይቀው እሱን ነው። ካልተነገራት ጥሩምባዬን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ በሯን እንደ ሌባ ነው የማልፈው፤ ማለዳ ሽማግሎች ገብተው፣ አስቀምጠው፣ ግራ ቀኝ ይዘው እስኪነግሯት ድረስ። ልቧን የምትታመም ሴት ናት!

ስንዱ፦ ላጥፋው፣ ላጥፋው! የቱ ነው ማጥፊያው?

ጋሽ ሽብሩ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ስንዱ፦ ጋሼ፣ በእናትዎ ሮጠው ይድረሱላቸው! ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው!

ጋሽ ሽብሩ፦ እሑድ የሚሻር ሰው ማክሰኞ ይሮጣል?

ስንዱ፦ እሑድ ራሴ ተነስቼ እናገርልዎታለሁ!

ጋሽ ሽብሩ፦ በጉባኤው ፊት? ምን ብለሽ?

ስንዱ፦ ቆይ! እትዬ ማንያህልሻል ጻፉ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ወየው ጉዴ! ምን አለች?

ስንዱ፦ «ነፍስ ይማር»። ሁለት የሚያለቅስ ፊትም አድርገውበታል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ለገዛ ወንድሟ?

ስንዱ፦ ስሙን አላነበቡትም፣ ጋሼ፤ ሌላው ሲጽፍ አይተው ነው የጻፉት። መልእክቱን አጥፍቼዋለሁ። ሽማግሎቹን ይዘው ይሂዱልኝ።