የጥሩዬ ቀጠሮ

ጎንደር ዳር ያለ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሥራውን የሚመራው በኮንትራት የመጣ አማካሪ ነበር። «እዚህ አገር ሴት ስታገባ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላታለች፤ ለሁለተኛ ስም ቦታ ይኑረው» አልሁት። «በሁለተኛው ምዕራፍ እናየዋለን» ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ኮንትራቱ አለቀና ሄደ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ትኩሳት የያዛትን ምራታቸውን ደግፈው መጡ። «የኛነሽ ትባላለች» አሉኝ። ኮምፒውተሩ አያውቃትም፤ አዲስ ካርድ ከፈትሁላት። መርፌውን እንደተወጋች መተንፈስ አቃታት። መታመሟን የሰሙት ወላጅ እናቷ ከጠዳ ሲደርሱ ሐኪሞቹ ይሯሯጣሉ። «ምነው! ይህ መርፌ ለጥሩዬ እንደማይስማማት ነግሬያችሁ አልነበረም?» ብለው ጮኹ። «ጥሩዬ» ብዬ ስፈልግ፣ ማስጠንቀቂያው በቀይ ተጽፎ ወጣ። አልተረፈችም። ሞቷን የመዘገብነው በየኛነሽ ስም ነው፤ የጥሩዬን ካርድ መዝጋት የሚችለው አማካሪው ብቻ ነው፣ እሱም ስልክ አያነሣም። ትናንት ወላጅ እናቷ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ውድ ጥሩዬ፣ የክትትል ቀጠሮዎን አይርሱ» ይላል መልእክቱ።

«ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ።

«ማስታወቂያ ነው እማማ» አልኋቸው።