ፕላን የሌለው ጋሪ

ዛሬ ጠዋት ጋሪው የአጎቴን የቲማቲም ችግኝ ከነትሪው ወለሉ ላይ ደፋው። ጥፋቱ የጋሪው አልነበረም፤ የፕላኑ ነበር።

አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቤት ፕላን ሲነድፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን በመስታወት በተከበበው በረንዳቸው ችግኝ ያፈላሉ። ፀሐይ ጠዋት በአንዱ ጥግ፣ ከሰዓት በሌላው ስለምትገባ፣ ትሪ ተሸክመው ሲከተሏት ወገባቸው ተጎዳ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር ካነሱ መራመዱንም ይርሱት ብሏቸዋል። ስለዚህ ባለሞተር ጋሪ ሠራሁላቸው። መንገዱን ግን እሳቸው በወረቀት ነድፈው "ልክ እንደዚህ ይሂድ" ስላሉ፣ እንደዚያው አድርጌ ትእዛዙን ሞላሁለት።

"ፕላኑ ትክክል ነበር" አሉ አፈሩን እየጠረጉ።

"መንገዱ ላይ የነበረው ባልዲስ?"

"ባልዲ ግድግዳ አይደለም። ፕላን ላይ አይገባም።"

"ጋሪው ግን ገባበት፣ አጎቴ።"

"ነገር አትቆስቁሺ። በእጄ እሸከማለሁ፣ በቃ።"

ጎንበስ ሲሉ ቀድሜያቸው ትሪውን አነሳሁ።

"ወረቀቱን እንተወው። ፊቱ ላይ ብርሃን የሚለዩ ሁለት ዓይኖች እገጥምለታለሁ። ግራው ዓይን የበለጠ ብርሃን ካየ ቀኝ ጎማው ይፈጥናል፤ ጋሪው ወደ ግራ ይዞራል። ቀኙ ካየ ደግሞ በተቃራኒው። ሁለቱም ብርሃን ከጠገቡ ይቆማል።"

"መንገዱን ሳያውቅ? በደመ ነፍስ?"

"በደመ ነፍስ።"

"ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?"

"እነዚህ ችግኞች ወደ መስታወቱ ያጋደሉት ማን ፕላን ነድፎላቸው ነው?"

ወደ መጥረጋቸው ተመለሱ። እሺታቸውን የምጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም። ዓይኖቹን ገጠምኩ፤ ከፊቱም ዕቃ ሲነካ የሚያውቅ ቀጭን ሽቦ እንደ ድመት ጢም ተከልኩለት። ባዶውን ለቀቅኩት። ወደ ብርሃኑ ገሰገሰ፣ ባልዲውን ነካ፣ ወደ ኋላ አለ፣ ተመልሶ ያንኑ ባልዲ ነካ። ደግሞ ነካ።

"መስታወት ላይ ያለች ዝንብ ሠራሽልኝ።"

ደሜ ፈላ፤ የተናደድኩት ግን እውነታቸውን ስለሆነ ነው። ገና ከባልዲው ሳይርቅ ብርሃኑ መልሶ ይጎትተው ነበር።

"ሁለት አለቃ ስላለው ነው" አልኩ።

"እሱንስ አውቀዋለሁ። አንዱ በሩን አስፋ፣ ሌላው አጥብብ ሲሉኝ ነው ያረጀሁት።"

"እንግዲያው አንዱ ይቅደም። ጢሙ ዕቃ ሲነካ ብርሃኑ ዝም ይበል። ጋሪው ያፈግፍግ፣ ይዙር፣ ጥቂት ይራመድ፤ ብርሃኑን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።"

ትእዛዙን ቀይሬ ለቀቅኩት። ባልዲውን ዞሮ አለፈ። አጎቴ በርጩማ አምጥተው መንገዱ ላይ ገተሩ፤ እሱንም ዞረ። በመጨረሻ እግራቸውን ዘረጉለት። ነካቸው፣ አፈገፈገ፣ በጎናቸው አልፎ ፀሐዩ ላይ ቆመ።

"ትሪውን ጫኚበት" አሉ።

ቤት ፕላኑ ላይ እንዳለ አይቀመጥም፤ ወንበር ይነሳል፣ ባልዲ ይረሳል፣ ሰው ያልፋል። ሁሉን አስቀድሞ አውቃለሁ ከሚል መሣሪያ፣ ፊቱ ላለው ነገር ወዲያው መልስ የሚሰጥ ይሻላል። የሚያስፈልገው ሁለት ዓይን፣ አንድ ጢም፣ ማን እንደሚቀድም የሚለይ አንድ ሕግ ነው። ትርፉ ከጉዳት የዳነ የሰው ወገብ ነው።

ጋሪው ትሪውን ይዞ ሲንቀሳቀስ አጎቴ ጥቂት ተከተሉት፤ ከዚያ ቆሙ።

"ወዴት ነው?" አልኳቸው ወደ በሩ ሲያመሩ።

"ጋደም ልል። አንቺም ቆመሽ አታስጨንቂው።"

ወደ ኋላ ሳይመለከቱ ወጡና በሩን ዘጉት።