የመምህርቷ ኦርኪድ

ቤቴን የተከራየችው መምህርት የጅማ ልጅ ናት። ክረምት ላይ አገሯ ስትሄድ ኦርኪድ የምትለውን አበባዋን አደራ ሰጠችኝ። “በሳምንት አንዴ ውሃ ይርጩለት፤ ሌላ ምንም አያድርጉ” አለችኝ። እኔ ግን ሳየው አንጀቴ አልቻለም። ጣሳው ውስጥ ያለው የዛፍ ቅርፊት ብቻ ነው፤ ሥሩ ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። እንዴት ነው የሰው አደራ በደብረ ታቦር ብርድ እኔ ቤት ራቁቱን የሚያድረው? ከጓሮዬ ጥቁር አፈር አመጣሁ፤ ፍግ ቀላቀልሁ፤ ሥሩን አንድ ሳላስቀር ቀበርሁና ጠዋት ማታ አጠጣሁት።

ስትመለስ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጠበቃት። አፈሩን ገለጥ ብታደርገው ሥሩ እንደ ተቀቀለ ጎመን ላሽቋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ! እሷ ግን ሳቅ አለችና፣ “እማማ፣ ይሄ እኮ ዛፍ ላይ የሚኖር ነው። ሥሩ አየር ይፈልጋል። በደግነት አፈኑት” አለችኝ። የተረፉትን ሁለት ሥሮች አጥባ የወይራ ጉማጅ ላይ በክር አሰረችው።

በዓመቱ ስትሄድ፣ ድፍረቷ፣ ደግማ ለእኔው ተወችው። ወይ ፈተና! ፍግ ይዤ ስንት ጊዜ አጠገቡ ደርሼ ተመለስሁ መሰላችሁ። ስትመጣ ነጭ አበባ አውጥቶ ቤቱን አውዶታል።

“እማማ! ምን አደረጉለት?” ብላ ጮኸች።

“ምንም!” አልኋት። በዕድሜዬ እንደሱ ያደከመኝ ሥራ የለም።