ጩኸትን ማን አስተማራት?

ልብስ ሰፊው ሱቃቸውን ሊዘጉ ሲሰናዱ አንዲት ወጣት ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ታቅፋ ገባች። ድካሟ ከፊቷ ይነበባል። የእሳቸውም ወገብ ቁርጥ ብሎ ነበር፤ ግን ደንበኛ መመለስ አይሆንላቸውም። «ተቀመጪ ልጄ፣ አሁን እጨርስልሻለሁ» ብለው መነጽራቸውን አጠለቁ።

ገና ዚፑን ሳይፈቱት ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ተነሣ። ሽማግሌው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ የልብስ ቁልፎች የሞሉበትን ጣሳ ከመደርደሪያው አነሡና በመጋረጃው ሥር አሳለፉ። ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው እሱ አባባ?»

«ምንም አይደል፤ የልጅ ልጄ ናት። ቁልፍ ስትደረድር ነው የምትውለው። አራት ዓመት አልፏታል፣ አፏን ግን አልፈታችም። ትንሽ ዓይን አፋር ናት።»

ዓይን አፋር! ሰፈር የሚያናውጥ ዓይን አፋር ማን አይቶ ያውቃል? ሰው ግን የከበደውን ነገር ቀለል ባለ ስም መጥራት ይወዳል። እውነቱን እሳቸውም አላጡትም፤ ሐኪሙ «ኦቲዝም ነው» ካለ ሰንብቷል። የሕፃኗ እናት፣ ልጃቸው፣ ደጅ ስትጠና ከርማ የባህሪ ሕክምና በሚሰጥ ማዕከል ቦታ አግኝታለች። ማዕከሉ ደግሞ ቀን ቀን የሚይዛት ሰው አብሯት መጥቶ ይማር ብሏል። ነገ ካልቀረቡ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ቀን የሚይዟት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውም «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሄድም» ብለዋል።

ወጣቷ መጋረጃውን እያየች «ሥራዬ እንደ እሷ ካሉ ልጆች ጋር ነው» አለች።

ሽማግሌው መቀሳቸውን አስቀመጡ። «አንቺም ከእነሱ ነሽ? ልጄ ናት የላከችሽ!»

«ልጅዎን አላውቃትም። የላከኝ ዚፔ ነው።»

ሳቅ አመለጣቸውና ወዲያው ኮስተር አሉ። «እንግዲያው ልጠይቅሽ። ከረሜላ እያሳያችሁ ‹ተቀመጪ፣ ተነሺ› ማለት ነው አሉ ሥራችሁ። የሰው ልጅ እኮ ናት! የሰርከስ ውሻ አደረጋችኋት እንዴ?»

«እንደዚያ የሚሠራ የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ልጅን አስጨንቆ ዝም የሚያሰኝ ካዩ አቅፈዋት ይውጡ። ደህናው ሥራ ግን የምትፈልገውን የምትገልጽበት መንገድ መስጠት ነው። በቃል ካልሆነ በእጅ፣ በእጅ ካልሆነ በሥዕል።»

«እኔ እንደሆንኩ ሳትናገር ይገባኛል። መጠማቷን፣ መራቧን ከዓይኗ አውቃለሁ፤ ሳትጠይቀኝ አቀርብላታለሁ። ከእኔ በላይ ማን ይረዳታል?»

«ማንም። ችግሩም እሱ ነው። ሁሉን ቀድመው ካወቁላት ምን ቆርጧት ትጠይቃለች? ያላወቁላት ጊዜ ትጮሃለች፣ ስትጮህ ጣሳው ከተፍ ይላል። ታዲያ ጩኸትን ማን አስተማራት?»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«እኔ ስንት ዓመት የተማርኩትን ሥራ እርስዎ ሳይማሩ ሠርተውታል፤ የተገላቢጦሽ ሆነ እንጂ።»

ቃሏ ወጋቸው። «ደንበኛ ተቀምጦ ልጅ ስትጮህ ምን ላድርግ?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ደክሞኛል ልጄ። እናቷም ደክሟታል።»

«እኔም ደክሞኛል» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ የጥርስ ምልክት አሳየቻቸው። «የዛሬ ደመወዜ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ እርስዎ የሌሉ ቀን ዓይኗን ማን ያነብላታል?»

ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው ተነሡ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣቸውን ጥያቄ ሰው አፍ አውጥቶ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነው። ሄደው መጋረጃውን ገለጡ።

ወጣቷ እንዳለቻቸው ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከሕፃኗ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ ጣሳ፣ ትልልቅ ቁልፎች ያሉበትን፣ ጭናቸው ላይ አኖሩ። አንድ ሰጧትና ከደኑት። ሕፃኗ ጣሳውን አየች። ተነጫነጨች። የሽማግሌው እጅ ብድግ አለ።

«ይጠብቁ!»

«እጄ እኮ እምቢ አለኝ!»

«ይቀመጡበታ!»

እውነትም ያን አንድ እጃቸውን ከመቀመጫቸው ሥር ሸጎጡ። ሕፃኗ ልቅሶ ጀመረች፤ እሳቸውም ከንፈራቸውን ነከሱ። ካባ ከመስፋት፣ ሙሽራ ከማልበስ፣ ምንም ሳይሠሩ መጠበቅ ከበዳቸው። ልቅሶው ሊብስ ሲል ትንሿ እጅ መጣችና የአያቷን ነጻ እጅ ጣቱን ይዛ ጎትታ ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን! ‹ቁልፍ› ይበሉና ይስጧት፣ ቶሎ!»

«ቁልፍ!» አሉ ሽማግሌው፣ ክዳኑን ከፍተው አንድ እያቀበሏት።

ጥቂት ጊዜ ደጋግመውት «ይኸው ነው ሕክምናው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይኸውና ይህን የመሰለ፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት። ትናገራለች ብዬ ቃል አልገባም፤ ኦቲዝሙም አይጠፋም። ግን ሆዷን ሲያማት የምታሳይበት መንገድ ይኖራታል።»

ወጣቷ ዚፑ የተጠገነ ቦርሳዋን ይዛ ከሄደች በኋላ የሕፃኗ እናት ከሥራ ደረሰች። መንገዱን ሙሉ ከአባቷ ጋር የምትሟገትበትን ቃል ስታሰናዳ ነው የመጣችው። «አባዬ፣ ስለ ነገ…» ብላ ገና ከመጀመሯ፣

«ነገ ሱቁ ዝግ ነው» አሏት። «የምወስዳት እኔ ነኝ። ያመማትን ለማንም ሰው ማሳየት ትልመድ። እኔም አጠባበቁን ልማር፤ እሷም ከመጋረጃ ጀርባ ትውጣ፣ አንቺም ትንሽ ትረፊ።»

ያን ሁሉ ክርክር ተሸክማ መጥታ የሚከራከራት ጠፋ። የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «እውነትህን ነው?» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳትጨርሰው እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።