ሁለተኛ ኳስ የለም

አቶ ወንዳፍራሽ ተፈሪ ከአባታቸው ከመቶ አለቃ ተፈሪ ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ ደስታ በ1950 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው የስፖርት መምህር ሆኑ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ካስተማሩም በኋላ በ1991 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ገሊላ አሰፋና ከልጃቸው ከሉሊት ጋር ሎስ አንጀለስ ገቡ። አገሩም መምህርነታቸውን ሳይጠይቅ ፒኮ ጎዳና ላይ የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርጉ ሠራተኛ አደረጋቸው።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ካልቨር ሲቲ ሜዳ ላይ የራግቢ ቡድን አዩ። ሞላላዋን ኳስ መሬት ላይ አቁሞ በሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መካከል የሚልከው መቺ፣ በልምምድ አንድም ሳይስት ውሎ በጨዋታው መጨረሻ ላይ እግሩ ሲከዳው ተመለከቱ። ለመቺው የጎደለው ጭንቀትን መለማመድ እንደሆነ ተናገሩ፤ ሰሚ እስኪያገኙም ሁለት ዓመት ለቡድኑ ኳስ ለቀሙ። "ጋሼ፣ ይሄ ኳስ ነው ትግል?" እያለ ፌርፋክስ ባለው የሐበሻ ሰፈር የሚስቅባቸው ብዙ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ከፊት ወንበር የተቀመጠም አለበት።

በኋላ አንድ ፕሮፌሽናል ቡድን ቀጠራቸው። መቺውን ትንፋሹ እስኪቆራረጥ አስሩጠው፣ ጓደኞቹን ከበው እንዲሰድቡት አዘው፣ አንድ ኳስ ብቻ ይሰጡት ነበር። ቢስት ልምምዱ ለዚያ ቀን አበቃ። "ጩኸቱን አትሽሸው፤ ተንፍስ፣ ኳሷን እያት፣ ምታ። ሁለተኛ ኳስ የለም" ይሉ ነበር። ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ የሆነው መቺው ፋኑኤል የግማሽ ፍጻሜውን የመጨረሻ ምት ያገባው በዚህ ትምህርት ነው።

አምና ካንሰር እንደያዛቸው ሐኪም ለቤተሰቡ ሲናገር፣ ታላቅ እህታቸው ታደለች "ጨጓራ ነው በሉት" ብላ ወሰነች። መጽሐፍ ስታገላብጥ የኖረች ሴት ብትሆንም፣ ለታመመ ሰው ሕመሙን መንገር ጭካኔ ነው ከሚለው ልማድ አልወጣችም። እሳቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንብበው ደረሱበት፤ ሳይቆጡም "አምስት ሳምንት ልምምድ ነጠቃችሁኝ" አሏት።

በቀሩት ወራት የሚሰናበቱትን ተሰናበቱ፤ የተቀየሙትንም ደውለው ታረቁ። ይህን ጽሑፍ እህታቸው እንድታዘጋጅ አዘዙ፤ ጥፋቷ እንዳይዘለል አስጠነቀቁ። ከዚያም ቴሌቪዥኑን አስጩኸው፣ ፋኑኤልን እንደ አልቃሽ እሪ እያስባሉ አስነበቧት። አምስቱ ሳምንታት ጋ ስትደርስ ድምጿ በተቆረጠ ቁጥር "እትዬ፣ ተንፍሺ። ከመጀመሪያው" ይሏት ነበር። በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ሳታለቅስ አልጨረሰችላቸውም።

አቶ ወንዳፍራሽ ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገሊላን፣ ልጃቸውን ሉሊትን፣ እህታቸውን ታደለችንና እንደ ልጅ ያዩት የነበረውን ፋኑኤልን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍ፤ የተነጠቁትንም ቀን በማያልቀው ዘመኑ ይካስላቸው።

እህታቸውም እነሆ ሳታቋርጥ አነበበች።