የማሽላ መድኃኒት በሽንኩርት ማሳ

ከሸሕዲ ወደ መተማ የሚሄደው ሚኒባስ ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ፣ አያ ይርዳው የዚያን ዕለት ሽንኩርታቸውን በገዛ እጃቸው ይገድሉት ነበር።

አያ ይርዳው በሰሊጥ የታወቁ ገበሬ ናቸው። ዘንድሮ ግን ከጓንግ ወንዝ ውኃ ስበው፣ በመንገዱ ዳር በማንጎዎቻቸው መካከል ሽንኩርት ተከሉ። ጎረቤቶቻቸው «ሰሊጥ ያኮራው ሰው ለሽንኩርት ሊያጎነብስ?» ብለው ሳቁባቸው። አሁን ሰርዶው መደቡን ሊውጠው ደርሷል፤ አላፊ አግዳሚውም ያያል። ስለዚህ በማሽላ ማሳቸው አረም የሚያጠፉበትን መድኃኒት በጥብጠው፣ መርጫውን አዝለው ቆመዋል።

ከሚኒባሱ ከወረዱት መካከል አንዲት ወጣት ወደ ማሳው ቀረበች። የወዳጃቸው የአንዱአምላክ ልጅ ስርጉት ነበረች፤ በእርሻ ትምህርት ተመርቃ መመለሷን ሰምተዋል።

«እንደምን ዋሉ አያ ይርዳው? ምን ሊረጩ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ሰርዶ ልክ ላስገባው ነዋ! ተምረሽ መጣሽና ልታስተምሪኝ ነው? አባትሽ እንኳ እርሻ የለመደው እኔን እያየ ነው።»

«እሱም አይክድም» አለች እየሳቀች። «እኔ ልጠይቅዎ ነው። መድኃኒቱ ማሽላ ላይ ሲረጭ ምን ይሞታል?»

«ቅጠለ ሰፊው አረም።»

«ማሽላውስ?»

«ምን ይሆናል! ዞር ብሎም አያየው።»

«ከማሽላው ሥር የበቀለው ሣርስ?»

አያ ይርዳው የማሽላ ማሳቸውን አስታወሱ። ለብዙ ክረምት ያዩት ነገር ነው፤ ከርጭቱ በኋላ ሠራተኛ ቀጥረው ሣሩን የሚያስነቅሉት ለምን ሆነና?

«ይተርፋል» አሉ ቀስ ብለው። «ማሽላም ሣር ነው እንዴ?»

«የሣር ዘመድ ነው፤ ሰርዶውም ሣር ነው። መድኃኒቱ ዘመዳሞቹን ምሮ ባዳውን ይመታል። እዚህ ማሳ ላይ ባዳው ማን ነው?»

ሽንኩርታቸውን አዩ፤ ቀና ብለው ደግሞ ሰፋፊውን የማንጎ ቅጠል። መርጫውን ከጀርባቸው አወረዱ። ሰው ከመጽሐፍ የተነገረውን ሊጠራጠር ይችላል፤ በገዛ ዓይኑ ያየውን ግን ክዶ የት ይደርሳል?

ኩራታቸው ግን ገና አልወረደም። «እንግዲያው ውኃ ባጠጣሁ ማግስት፣ አፈሩ ሲለሰልስ በዶማ እከትፈዋለሁ።»

«ሰርዶን በእርጥብ አፈር መክተፍ መዝራት ነው፤ ቁራጩ ሁሉ ሥር ይሰዳል። የሽንኩርትም ሥር ከላይ ነው፤ ዶማ አይችልም።»

«አልርጭ፣ አልቆፍር፤ ታዲያ ልለምነው?»

«ኧረ አይለምኑት! ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ጥላ ጥሎ አረም አያፍንም። በልጅነቱ ከአንቱ በቀር ጠባቂ የለውም። ሰርዶውን ከነሥሩ እየሳቡ በእጅ ይንቀሉት፤ ከማሳው አውጥተውም በዚህ ፀሐይ ያድርቁት። ለከርሞ ደግሞ ከመትከልዎ በፊት መሬቱን አጠጥተው አረሙን አስቀድመው ያብቅሉት፤ እሱን አጥፍተው ይትከሉ።»

«ማንጎውስ? በየዓመቱ ሥሩ ያለውን ሣር የማቃጥልለት?»

«እሳቱ ልጡን በልቶታል፤ ይኸው ይዩት። ከጥላው ሥር ያለውን ሣር ከመሬት አስጠግተው ይጨዱና በደረቅ የማሽላ አገዳ ወፈር አድርገው ይሸፍኑት። ግንዱን ግን አያስነኩት፤ ምስጥ ይወጣበታል።»

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። አያ ይርዳው አገጫቸውን አሹ። «ሙሉውን አላምንሽም። ግማሹን መደብ እንዳልሽው፣ ግማሹን በዶማዬ።»

«እንዲህ ያለ ዳኝነት ነው የምወድ!» ብላ ሮጠች።

ሽንኩርቱ ሲደርስ ልዩነቱ ከመኪና መስኮት ይታይ ነበር። በዶማ የተከተፈው ወገን ሰርዶ ለብሶ ኮሰመነ፤ በእጅ የታረመው አፈሩን ፈንቅሎ ወጣ። ማንጎውም ከአገዳው በታች እርጥበቱን ይዞ ይውል ጀመር።

ሲስቁ የነበሩት ጎረቤቶች ሊያዩ መጡ። «ይህን ማን አስተማረህ?» አላቸው እኩያቸው ለይኩን።

«በጊዜው የታረመ ሽንኩርት ውኃውን ከማንም አይሻማ፤ የተሸፈነ ማንጎ በበጋ አይጠማ፤ መድኃኒትም ለተሠራለት ማሳ እንጂ ለሁሉ አይሆን» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ያስተማረችኝ የአንዱአምላክ ልጅ ናት። እኔን ያሳመነች ልጅ ደግሞ ቀላል እንዳትመስልህ!»